ዊልሄልም ሺምፐርና የኢትዮጵያ እንግጫዎች ስያሜ

አዋሽ አሳይታን አልፎ በጋማሪና በአፋምቦ ሐይቆች ዙሪያ በሚፈጥረው ረግረግ ናሙና የሚሰበስብ የዕፀዋት ተማሪ፣ በእጁ የያዘውን እንግጫ ለመለየት የሚገልጠው ዋነኛ መጽሐፍ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ስድስተኛ ቅጽ ነው። ቅጹ እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሟል፤ የእንግጫን ቤተሰብ፣ ማለትም ሳይፐሬሲን፣ የሚመለከተውን ክፍል ያዘጋጀው ኖርዌያዊው ኮሬ ሊዬ ነው። ተማሪው ከብዙዎቹ ዝርያዎች ስም ቀጥሎ ስቶይደል፣ ሆክሽቴተር ወይም ሪሻር የሚሉ የሰያሚዎች ስሞችን ያነባል። ሦስቱም ኢትዮጵያን አላዩም። የሰየሟቸውን ተክሎች አገላብጠው የተመለከቱት ደርቀውና በወረቀት ተለጥፈው ከመጡ በኋላ ነው፤ ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹን የላከው አንድ ሰው፣ ዊልሄልም ሺምፐር ነበር። ይህ አጭር ጽሑፍ የሕይወቱን ዋና ዋና ምዕራፎች ተከትሎ፣ ሥራው እስከ ዛሬ የሚያገለግለው ከግኝቶቹ ብዛት ይልቅ በቁጥሮቹና በመንትያ ናሙናዎቹ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

ጌኦርግ ዊልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1804 በጀርመን አገር ተወለደ። ቤተሰቡ ዕፀዋት አጥኚዎች የበዙበት ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ካርል ፍሪድሪክ ስለ ቅጠሎች አደራደር ባቀረበው ትንታኔና «የበረዶ ዘመን» ለሚለው ጽንሰ ሐሳብ ስም በመስጠቱ ይታወቃል። ዊልሄልም ግን ንድፈ ሐሳብ የሚስበው ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1831 እና 1832 ወደ አልጄሪያ ተጓዘ፤ የጉዞውንም ታሪክ በ1834 አሳተመ። ከዚያ በኋላ በኤስሊንገን ከተማ የነበረው የተጓዦች ማኅበር ቀጠረው። የማኅበሩ መሪዎች ሐኪሙ ኤርንስት ጎትሊብ ስቶይደልና መምህሩ ክርስቲያን ፈርዲናንድ ሆክሽቴተር ነበሩ። አሠራራቸው ቀላል ነበር፦ አባላት ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ሰብሳቢው ከእያንዳንዱ ተክል ብዙ መንትያ ናሙናዎችን ይልካል፣ ናሙናዎቹም በቁጥር ተደርድረውና የታተመ መለያ ወረቀት ተደርጎላቸው ለአባላቱ ይከፋፈላሉ። ሺምፐር በዚህ ውል መሠረት በመጀመሪያ ወደ ግብፅ፣ ቀጥሎም ወደ ሲና በረሃና ወደ ሒጃዝ ሄደ። አብሮት የተላከው ዶክተር አንቶን ዊስት ካይሮ ላይ ሞተ። ሺምፐር ግን በምጽዋ በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ1837 ዐድዋ ገባ።

በዐድዋ ያከናወነውን ሥራ ክብደት ለመረዳት እንግጫን መለየት ምን እንደሚጠይቅ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአማርኛ ቀጤማ፣ እንግጫና ደንገል የሚሉ ስሞች አሉን። ደንገል አንድ ዝርያ ነው፤ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ተክል ከሌላው ጋር አይምታታም። ቀጤማና እንግጫ ግን የአገልግሎት ስሞች ናቸው ማለት ይቻላል። ለበዓል ወለል ላይ የሚጎዘጎዘውና በዘመን መለወጫ ዋዜማ የሚነቀለው ከቦታ ቦታ ሊለያይ ይችላል፤ ስሙ ግን አይለወጥም። ለተመራማሪው የመጀመሪያው እርምጃ ከሣር መለየት ነው። የሣር አገዳ ብዙውን ጊዜ ክብ፣ ባለ አንጓና ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ የእንግጫ ግንድ ግን አንጓ አልባ፣ ውስጡ የተሞላና አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ቅጠሎቹም በሦስት ረድፍ ይወጣሉ። ሆኖም ሳይፐረስ አርቲኩላቱስን የመሰሉ ድቡልቡል ግንድ ያላቸው ስላሉ በጣት ዳስሶ ብቻ መፍረድ አያዋጣም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በማጉያ መነጽር የሚከናወን ነው። አበባዎቹን የሚሸፍኑት ጥቃቅን ቅርፊቶች እንደ ሳይፐረስ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል ወይስ እንደ ፊምብሪስታይሊስ ዙሪያውን ተጠምጥመዋል? ስቲግማው ሁለት ነው ወይስ ሦስት? የበሰለችው ፍሬ ሦስት ማዕዘን አላት ወይስ ጠፍጣፋ ናት? ጠፍጣፋ ከሆነችስ ወደ መሐል ዘንጉ የዞረው ጠርዟ ነው ወይስ ሜዳው ጎኗ? ጨዋማና አልካላይ ውሃ ዳር የሚበቅለው ሳይፐረስ ላቪጋቱስ ፒክሪየስ ከሚባሉት ዘመዶቹ የሚለየው በዚህች በመጨረሻዋ ነጥብ ነው። ፍሬው ያልበሰለ ወይም ከሥሩ ያልተነቀለ ናሙና፣ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ስም አልባ ሆኖ ይቀራል። እንግጫዎች የሚያብቡትና የሚያፈሩት ደግሞ በአመዛኙ ክረምቱን ተከትለው ነው፤ ማድረቂያ ወረቀት በሚረጥብበት፣ ወንዝ በሚሞላበት ወቅት ማለት ነው።

ሺምፐር ከዐድዋ በላይ ባለው በሶሎዳ ተራራ፣ በሜዳዎቹና በወንዞቹ ዳር፣ ቀጥሎም በሰሜን ተራሮች የሰበሰባቸው ናሙናዎች እ.ኤ.አ. ከ1840 ጀምሮ በተከታታይ ክፍሎች ለአባላት ተሠራጩ። ሆክሽቴተር ለብዙዎቹ በመለያ ወረቀቱ ላይ ስም አወጣላቸው፤ መግለጫ ግን ሁልጊዜ አላሳተመም። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር እ.ኤ.አ. ከ1847 እስከ 1851 ባሳተመው የሐበሻ ፍሎራ ከእነዚያ ስሞች ብዙዎቹን በመግለጫ አጸና። ዛሬ ከአንዳንድ ዝርያዎች ስም ቀጥሎ ሁለቱ ሰዎች በአንድነት የሚጠቀሱት በዚህ ምክንያት ነው። ስቶይደልም በዚያው ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ሣሮችንና እንግጫዎችን የሚመለከት ታላቅ ሥራውን አወጣ፤ ሳይፐረስ ሺምፐሪያኑስ የሚለውን ስም የሰጠውም እርሱ ነው። የሪሻር መጽሐፍ መሠረት በከፊል የሁለት ፈረንሳውያን ሰብሳቢዎች ድካም ነበር። ካርቲን ዲዮን በመረብ ሸለቆ በወባ መሰል ንዳድ ሞተ፤ ፕቲን ደግሞ ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ሺምፐር ረጅም ዕድሜ ማግኘቱ ራሱ ለሳይንሱ ትልቅ አስተዋጽኦ ነበር ማለት ማጋነን አይመስለኝም።

የቀረው ሕይወቱ ከአገሪቱ ፖለቲካ ጋር የተሳሰረ ነበር። ኢትዮጵያዊት አገባ፤ የካቶሊክ እምነትንም ተቀበለ። ደጃዝማች ውቤ የእንጢጮን አስተዳደር ሰጡት፤ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራም ተካፈለ። በኤስሊንገን የነበረው ማኅበር ሲዳከም ገቢው ተቋረጠ፤ በኋላም ለፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ1855 ውቤ ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ ተሸነፉ፤ ካሣም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሺምፐር ግዛቱን አጣ። በዘመነ ቴዎድሮስ መጨረሻ በመቅደላ ከተያዙት አውሮፓውያን መካከል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 ሲለቀቅ ከብዙዎቹ በተለየ ወደ አውሮፓ አልተመለሰም። ወደ ዐድዋ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1878 እዚያው ሞተ።

እዚህ ላይ አንድ ነቀፌታ መነሣት አለበት። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች መለያ ወረቀቶች አጫጭር ናቸው፤ ቦታ፣ ወር፣ አንዳንዴም አንዲት የመኖሪያ አካባቢ ፍንጭ። የቦታ ስሞቹ በጀርመንኛ ጆሮ የተሰሙ ስለሆኑ ሶሎዳ «ሾሎዳ» ሆኖ ተጽፎ ይገኛል፤ የጥቃቅን መንደሮችን ስም መልሶ ማግኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ምርምር ነው። አብረውት የወጡና የወረዱት የአገሬው ሰዎች ስም በወረቀቱ ላይ የለም። በ1860ዎቹ የጻፈውና ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኘው የእጅ ጽሑፉ ግን የተለየ ሰው ሥራ ይመስላል። በዐድዋና በአክሱም አካባቢ ያሉ ተክሎችን ከአፈሩ፣ ከከፍታው፣ ከአካባቢው መጠሪያና ከጥቅማቸው ጋር አያይዞ መዝግቧል። ሠላሳ ዓመት የአገሩን ቋንቋ እየሰማ መኖሩ ዓይኑን እንደ ለወጠው ከዚህ ማየት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1943 የበርሊን ኸርባርየም በአየር ድብደባ ሲቃጠል እጅግ ብዙ የኢትዮጵያ ናሙናዎች አብረው ጠፉ። አንድ ሰብሳቢ ናሙናዎቹን በሙሉ በአንድ ቤት አስቀምጦ ቢሆን ኖሮ በእርሱ ላይ የተመሠረቱት ስሞች ማስረጃ አልባ በቀሩ ነበር። የሺምፐር ቁጥሮች ግን በኪው፣ በፓሪስ፣ በጄኔቫና በሌሎችም ማኅደሮች መንትያ ስለነበራቸው፣ በርሊን የጠፋው ቁጥር ሌላ ቦታ ተፈልጎ ይገኛል። ለገበያ ሲባል የተዘረጋው አሠራር ሳይታሰብ ዋስትና ሆነ። ጉድለቱ ከእነዚህ ማኅደሮች አንዱም በኢትዮጵያ አለመኖሩ ነበር፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ኸርባርየም የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው።

ሌላው ጉድለት የካርታው ነው። ሺምፐር የሠራው በዋነኛነት በደጋውና በወይናደጋው ነበር። የአውሳ ሱልጣኔት ለውጭ ተጓዦች በሩ የተዘጋ ነበር፤ ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር የግብፅን ጦር መርቶ በገባ ጊዜ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1875 አውሳ ውስጥ ተገደለ። የአዋሽን መጨረሻ እስከ አቤ ሐይቅ የተከተለው የመጀመሪያው አውሮፓዊ፣ አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ ያን ያደረገው ሺምፐር ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ስለዚህ የአፋምቦን እንግጫ የምንለይበት ቁልፍ መሠረቱ በአመዛኙ የደጋ ናሙና ነው። ንጹህ ውሃ ካለበት ከአፋምቦ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ጨዋማው አቤ የሚወርድ ሰብሳቢ፣ የውሃውን ጨዋማነትና የቆመበትን ጥልቀት ካልመዘገበ፣ የፍሬዋንም ብስለት ካልጠበቀ፣ በቁልፉ ሁለት አማራጮች መካከል ይቆማል። የተክሉን የአፋርኛ መጠሪያ፣ የነገረውንም ሰው ስም በዚያው ወረቀት መጻፍ ይቻላል። መንትያውን አዲስ አበባና ሰመራ ላይ ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው ከአንዱ ሥር ሁለት ሦስት ግንድ አብሮ መንቀል ብቻ ነው።