አበበ ቢቂላ ከመኪና አደጋው በኋላ፦ የህብለ ሰረሰር ጉዳትና የሚለበስ የመራመጃ ሮቦት

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። የክብር ዘበኛ ወታደር ሳለ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ድሉን ደገመው። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ለህብለ ሰረሰር ታካሚና ለቤተሰቡ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ብዙ የማይወራለት የመጨረሻው አራት ዓመት ተኩል ነው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ ሲነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ ከውስጥ ሊወጣ አልቻለም። የአንገቱ አከርካሪ አጥንቶች ከቦታቸው ተንሸራተው ህብለ ሰረሰሩን ስለጎዱት ከአንገቱ በታች ሰውነቱ አልታዘዝ አለው። (እግረ መንገዳችንን፦ አንገቱ ወይም ጀርባው የተጎዳ ሰው ሲገጥማችሁ በብብቱ ይዛችሁ አትጎትቱት። እሳት ወይም ሌላ አስቸኳይ አደጋ ከሌለ በስተቀር ጭንቅላቱ፣ አንገቱና ጀርባው በአንድ መስመር እንዳሉ ለብዙ ሰው ሆናችሁ ጠፍጣፋ ቃሬዛ ላይ አንሱት።)

ከሳምንት በኋላ እንግሊዝ ወደሚገኘው ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። እዚያ ያለውን የህብለ ሰረሰር ክፍል እ.አ.አ. በ1944 ያቋቋመው ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነት ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ በመኝታ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በአጭር ጊዜ ይሞት ነበር። ጉትማን ያመጣው ለውጥ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ታካሚውን ሌሊትም ጭምር በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ፊኛውን በንጽሕና መከታተል፣ ከዚያም በስፖርት ጡንቻውን ማጠንከር ነው። አበበ እዚያ 8 ወር ቆየ። መጀመሪያ እጁን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር፤ ቀስ በቀስ ክንዶቹ ተመለሱለት። እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በሚነዳ ተንሸራታች ውድድር 1ኛ ወጣ።

ዛሬ ብዙ ቤተሰቦች ሽባ የሆነ ሰው ሮቦት ለብሶ ሲራመድ በስልካቸው እያዩ፣ ለእኛስ ልጅ አይሆንም ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አበበ በተጎዳበት ዓመት እንኳ በቤልግሬድ የሚሃይሎ ፑፒን ተቋም ውስጥ የነበሩት ሚዮሚር ቩኮብራቶቪችና ባልደረቦቹ እግር ላይ የሚታሰር መራመጃ ማሽን እየሠሩ ነበር። ከአሁኖቹ አንዱ የሆነውን ሪዎክን የፈጠረው እስራኤላዊው መሐንዲስ አሚት ጎፈር ነው፤ እሱ ራሱ እ.አ.አ. በ1997 በደረሰበት አደጋ አራቱም እግርና እጁ ተጎድቷል። የሚገርመው፣ መሣሪያው በሁለት ክራንች መደገፍን ስለሚጠይቅ ጎፈር የራሱን ሥራ ሊለብሰው አልቻለም። እ.አ.አ. በ2014 የአሜሪካ የመድኃኒትና ምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለቤት አገልግሎት ሲፈቅደው ጉዳታቸው ከ7ኛው የደረት አከርካሪ ጀምሮ ወደ ታች ለሆነ፣ የሠለጠነ ረዳትም አብሯቸው ላለ ብቻ ነው። አንገቱ ላይ የተጎዳው አበበ ዛሬ ቢኖር አይፈቀድለትም ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ሲገመገም ከሚታዩት ዋናዎቹ ታካሚው 10 ሜትርን በምን ያህል ጊዜ እንደሚጨርስና በ6 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚራመድ ነው። ነገር ግን ይህ የሚለካው በለሰለሰ ወለል ላይ ነው። በጉና ተራራ ዙሪያ፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ሲሉ ያለው መንገድ አቀበት፣ ድንጋይ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ይራመዳል ወይ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፦ ደጃችን ላይ ይራመዳል? ባትሪው የት ይሞላል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ከሰውነት ጋር የሚነካካበት ቦታ ቆዳውን ቢልጠው፣ ታካሚው ስለማይሰማው ማን ያየዋል? ለረጅም ጊዜ ያልቆመ ሰው አጥንቱ ስለሚሳሳም ሳይመረመር በማሽን ማቆም ስብራት ሊያስከትል ይችላል። በእኔ እምነት ለአብዛኛው የገጠር ታካሚ ዛሬ ገንዘብ የሚወጣበት ከሆነ ሰፊና ጠንካራ ጎማ ያለው ተሽከርካሪ ወንበር፣ ጥሩ የመቀመጫ ትራስና የፊዚዮቴራፒ ክትትል ይቀድማል።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ሞተ፤ ሞቱም ከአደጋው ጉዳት ጋር ተያይዟል። አዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ከ6ኛው የደረት አከርካሪ በላይ የተጎዳ ሰው በቤታችሁ ካለ ይህን ምልክት እወቁ። በድንገት ከባድ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና ከጉዳቱ በላይ ማላብ ከታየበት የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ እየጨመረ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ የጠበቀ ልብስና ቀበቶ ፍቱለት፣ ካቴተሩ ተጣጥፎ ወይም ተደፍኖ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ፊኛ መሙላት ዋናው መንስኤ ነው። የሆድ ድርቀትና የመኝታ ቁስልም ያመጡታል። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ካልቀነሰ ቀና እንዳለ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ የህብለ ሰረሰር ጉዳት እንዳለበትም ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ተናገሩ።