ቨርጂኒያ ዉልፍ እና የልጅነቷ ቤት

ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1882 ለንደን ውስጥ ተወለደች። በልጅነቷ ቤተሰቡ በየዓመቱ የሙቀቱ ወራት ሲመጣ ኮርንዎል ወዳለችው ሴንት አይቭስ ይሄድ ነበር። እዚያ ከተከራዩት ቤት ሆነው ሲያዩ ባሕሩና መርከቦችን ይመራ የነበረው የጎድረቪ የመብራት ማማ ይታይ ነበር። በ1895 እናቷ ስትሞት ቤተሰቡ ቤቱንም ተወው። የ13 ዓመቷ ልጅ እናቷንም ቤቱንም ባንዴ አጣች ማለት ነው።

ይሄን ቤት በ1927 ባሳተመችው «ቱ ዘ ላይትሀውስ» ልብ ወለድ ውስጥ እናገኘዋለን። ቦታውን ወደ ስኮትላንድ፣ ስካይ ደሴት ወሰደችው እንጂ ቤቱ፣ ባሕሩና ማማው የልጅነቷ ናቸው። በመጀመሪያው ክፍል ትንሹ ጄምስ ወደ ማማው ለመሄድ ይጓጓል፤ የሚደርሰው ግን ከ10 ዓመት በኋላ፣ እናቱ ከሞተች ወዲያ ነው። በመሀል ያለፈውን ጊዜ የምናየው በባዶው ቤት ላይ ነው፦ በርጥበቱ፣ በአቧራው፣ በተላጠው የግድግዳ ወረቀት። የእናትየዋ ሞት በቅንፍ ውስጥ ባንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያልፋል።

መቼት የምንለው ቃል መቼንና የትን አጣምሮ የያዘ ነው፤ እዚህ ጋ ሁለቱ በእርግጥም አንድ ሆነዋል። መቼቱን ለታሪኩ ማጀቢያ ብቻ አድርጎ ያነበበ ሰው ዋናውን ሐዘን ሳያየው ያልፋል።

ልብ ወለዱን በጻፈችባቸው ዓመታት የኖረችበት የለንደን ቤት በ1940 በጀርመን ቦምብ ፈረሰ። እሷም በ1941 ሳሴክስ ውስጥ ኡዝ ወንዝ ገብታ ሕይወቷን አጠፋች። ያ የልጅነት ቤት ግን ዛሬም በመጽሐፉ በኩል ይገባበታል።