ሃሪ ሄስ እና የሰመጡት ደሴቶች፦ ቅሪተ አካላት ያረሙት የዕድሜ ግምት

አሜሪካዊው የሥነ ምድር ሊቅ ሃሪ ሃሞንድ ሄስ (እ.ኤ.አ. 1906–1969) በይበልጥ የሚታወቀው የውቅያኖስ ወለል መስፋፋትን በሚያስረዳው ንድፈ ሐሳቡ ነው። ወደዚህ ሐሳብ ከመድረሱ በፊት ግን ራሱ ያቀረበው የዕድሜ ግምት በባሕር ቅሪተ አካላት ተሽሮበታል። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወቱን ከዚህ አንጻር ይቃኛል።

ሄስ የተወለደው በኒው ዮርክ ከተማ ነው። በ1927 ከየል ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ በሰሜን ሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዛምቢያ፣ በማዕድን ፍለጋ ተሰማራ። በ1932 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ፤ ከ1934 ጀምሮም እዚያው አስተማረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኬፕ ጆንሰን የተባለች የባሕር ኃይል መርከብ አዛዥ ሆኖ በፓስፊክ ሲጓዝ፣ በድምፅ ማስተጋባት ጥልቀት የሚለካውን መሣሪያ ያለማቋረጥ ያሠራ ነበር። በዚህም አናታቸው ጠፍጣፋ የሆነ የባሕር ሥር ተራሮችን አገኘ። ከሌሎች የልኬት መዛግብት ጋር አገናዝቦ 160 ያህል መዘገበ፤ በፕሪንስተን ላስተማረው ለስዊስ ተወላጁ የጂኦግራፊ ሊቅ ለአርኖልድ ጊዮ መታሰቢያም ጊዮ ብሎ ሰየማቸው።

በ1946 ባሳተመው ጥናት፣ ጊዮዎች አናታቸውን ማዕበል የደለደለው ጥንታዊ ደሴቶች መሆናቸውን አስረዳ። አሁን ግን ከባሕር ጠለል በታች ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሰምጠዋል። ደሴት ቀስ በቀስ ሲሰምጥ ኮራል በላዩ እየገነባ ሊያድግ ይችላል፤ በእነዚህ ላይ ግን የኮራል ደሴት አልተፈጠረም። ስለዚህ የሰመጡት የኮራል ገንቢ እንስሳት ከመታየታቸው በፊት፣ በፕሪካምብሪያን ዘመን ነው ሲል ደመደመ። መከራከሪያው ሥርዓት የያዘ ቢሆንም የሚፈትነው የድንጋይ ናሙና አልነበረም።

ናሙናው የተገኘው በ1950 ነው። የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋምና የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች በመካከለኛው ፓስፊክ ተራሮች፣ በሄስና በኬፕ ጆንሰን ስም የተሰየሙትን ጊዮዎች ጨምሮ፣ ከአናታቸው ድንጋይ ጎትተው አወጡ። ኤድዊን ሃሚልተን ያጠናቸው እነዚህ ናሙናዎች ሁለት ዓይነት ምስክርነት ሰጡ። በኖራ ድንጋዩ ውስጥ የተገኙት ኮራሎችና ሩዲስት የተባሉ የጠፉ ባለ ዛጎል እንስሳት፣ ከ100 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ በክሬታሺየስ ዘመን፣ አናቱ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ውስጥ እንደነበረ አረጋገጡ። ተንሳፋፊ ፎራሚኒፌራ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነውን መዘገቡ። እነዚህ ነጠላ ሕዋስ ፍጥረታት ሲሞቱ ጥቃቅን ዛጎላቸው ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ዝርያዎቻቸውም በአጭር የጂኦሎጂ ዘመን ስለሚለዋወጡ የደለልን ዕድሜ ለመለየት ያስችላሉ። ከጊዮዎቹ የተገኙት ከኋለኛው ክሬታሺየስ አንሥቶ ያሉ ዝርያዎች፣ ኮራሉ ማደግ ካቆመ በኋላ አናቱ የክፍት ውቅያኖስ ደለል ማረፊያ መሆኑን አሳዩ።

የሄስ ግምት ከ400 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ስቶ ነበር። እርሱም ግምቱን ትቶ አዲስ ጥያቄ ያዘ፦ ውቅያኖሶች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑ፣ ከወለላቸው የሚወጣው ቅሪተ አካል ለምን ከክሬታሺየስ አይቀድምም? ደለሉስ ለምን ሳሳ? በ1962 ባሳተመው ጥናት የሰጠው መልስ፣ ወለሉ በውቅያኖስ መካከል ባሉ ሸንተረሮች እየተፈጠረ፣ ወደ ጎን እየተጓዘ፣ በጥልቅ ቦዮች ወደ ምድር ውስጥ ይመለሳል የሚል ነበር። ጊዮዎችም ከሚጓዘው ወለል ጋር ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። ብዙዎቹ ከሸንተረሮች ርቀው መፈጠራቸው ኋላ ቢታወቅም፣ ወለሉ እየራቀና እየቀዘቀዘ ሲሄድ ዝቅ ማለቱ ጸንቷል።

ሄስ በነሐሴ 1969 በዉድስ ሆል፣ የጠፈር ሳይንስ ጉባኤ እየመራ ሳለ ዐረፈ። የጊዮዎችን ቅርጽ የገለጠው የእርሱ ልኬት ነበር፤ ዕድሜያቸውን የተናገረው ግን ከአናታቸው የወጣው የኖራ ድንጋይ ነው።