ኢማም አል-መቅሪዚ፦ የኑሮ ውድነትን መነሻ ከገንዘቡ ውስጥ የፈለጉት ዓሊም

በሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ ከደባርቅ እስከ በየዳ ባሉ ገበያዎች፣ ሰው በአሞሌ ጨውና በጠገራ ብር ይገበያይ እንደነበር ከሽማግሌዎች ሰምተናል። ጠርዙ የተሸረፈ አሞሌ እንደ ሙሉው አይቆጠርም ነበር፤ ጉድለቱ በዓይን ይታያልና። በበየዳ መምህር በነበርንበት ጊዜ ግን የደመወዛችን ቁጥር ምንም ሳይነካ የሚገዛልን ገብስ እያነሰ ይሄድ ነበር። ማን ሸረፈው? ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ካይሮ ላይ ያነሡ ዓሊም ነበሩ።

ኢማም ተቂዩዲን አሕመድ ኢብን ዐሊ አል-መቅሪዚ (ረሒመሁላህ) በ766 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1364) ገደማ በካይሮ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ከበዕለበክ የመጣ ነው። በሐነፊ መዝሀብ አድገው ኋላ ሻፊዒይ ሆኑ፤ ከኢብን ኸልዱንም ተምረዋል።

በ801 ዓ.ሒ. ሱልጣን በርቁቅ የካይሮ ሙሕተሲብ አድርገው ሾሟቸው። ሙሕተሲብ ሚዛንና ስፍር የሚመረምር፣ ዋጋ የሚከታተል፣ አጭበርባሪ ነጋዴ የሚቀጣ የገበያ ተቆጣጣሪ ነው። ሹመቱ አልረጋላቸውም፤ በዚያው ዓመት የሶሒሕ አል-ቡኻሪን ሸርሕ የጻፉት አል-ዐይኒ ተተኩባቸው፣ ከዚያም ሁለቱ ተፈራረቁበት። ያም ሆኖ ገበያውን ከውስጥ አይተውት ወጡ።

በ806 የዓባይ ሙላት ቀነሰ። (ሙላቱ የእኛው ደጋ ዝናብ ነው፤ የሰሜን ተራሮች ውኃ በተከዜ በኩል እዚያው ይደርሳል።) ረሃብና ወረርሽኝ ተከተለ። ብዙዎች በውኃው ማነስ ሲያሳብቡ፣ አል-መቅሪዚ በ808 ዓ.ሒ. (እ.ኤ.አ. 1405) ኢጋሰቱል ኡማ የተባለውን አጭር ኪታባቸውን ጽፈው ሌላ ምክንያት አቀረቡ። ድርቅ ቀድሞም ነበረ፣ ያልፍም ነበር፤ ይኸኛውን ያላሳለፈው የሰው ሥራ ነው አሉ። ሦስት ነገር ቆጠሩ፦ ሹመት በጉቦ መገዛቱን፣ የእርሻ መሬት ኪራይ መናሩን፣ የመዳብ ሳንቲም ማለትም ፉሉስ መብዛቱን።

ጠለቅ ያለው ሦስተኛው ነው። የቤተ መንግሥቱ ሹማምንት ከአውሮፓ መዳብ እያስመጡ ያለ ልክ ሳንቲም አሳተሙ፤ ትርፉ ለአሳታሚው ነበር። ብሩ ቀልጦ ጌጥ ሆነ፣ ወይም ከአገር ወጣ። ገበያው በመዳብ ብቻ ሲቆጥር የሁሉም ነገር ዋጋ ሰማይ ነካ። አል-መቅሪዚ ሕዝቡን በሰባት መደብ ከፍለው ማን እንደተጎዳ አጣሩ፤ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል የታወቀ ቋሚ ገቢ የሚቀበሉት ፉቀሃእና ደረሶች ነበሩ። መፍትሔያቸው ወደ ወርቅና ብር መመለስ ነበር።

ዛሬ በመዳቡ ፋንታ ያለው የመዝገብ ቁጥር ነው። ባንክ ከተቀመጠለት 100 ብር ጥቂቱን መጠባበቂያ ይዞ ቀሪውን ያበድራል፤ ብድሩ ሌላ ባንክ ገብቶ ዳግም ይበደራል፤ 100ው በመዝገብ ብዙ መቶ ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 መጠባበቂያውን ከ5 ወደ 10 በመቶ ያሳደገው ይህን ሩጫ ለመግታት ነው። መንግሥት በቀጥታ ከብሔራዊ ባንኩ ሲበደር ደግሞ አዲስ ገንዘብ ይፈጠራል፤ ጤፉ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ከወለድ ነፃ ባንክ ያስቀመጥነውም ብር ያው ብር ነውና ከዚህ አይድንም።

በእርግጥ ኢማሙ በመዳቡ ላይ ማክረራቸው አይቀርም። በዚያ ዘመን የብር እጥረት አውሮፓንም የመታ ነበር፤ እርሳቸውም ራሳቸው ከተጎዳው መደብ ነበሩ። ቢሆንም የዋጋን ንረት በነጋዴው ስግብግብነት ብቻ ከማሳበብ አልፈው የገንዘቡን ምንጭ መመርመራቸውን እናደንቃለን።

በኋላ ሹመቱን ትተው፣ በደማስቆ የቀረበላቸውን ቃዲነትም እምቢ ብለው በታሪክ ጽሕፈት ተጠመዱ። መካ በተቀመጡበት ጊዜ በ839 ዓ.ሒ. ስለ ሐበሻ የሙስሊም ነገሥታት አል-ኢልማምን ጻፉ። ስለ ኢፋት ሱልጣኖችና ስለ ሰዕደዲን ዛሬ የምናውቀው ብዙው ከዚያች ትንሽ ኪታብ የተገኘ ነው። በ845 ዓ.ሒ. በረመዳን ወር (እ.ኤ.አ. 1442) ካይሮ ላይ ወደ አኼራ ሄዱ፤ ከባቡን-ነስር ውጭ ባለው የሱፊዎች መቃብር ተቀበሩ።