ሃያ ክረምት በበረዶ ላይ የተመላለሰው ፖስተኛ

ጆን ቶምፕሰን በ1869 በካሊፎርኒያዋ ላ ፖርት መንደር በተካሄደው የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ላይ ተሸነፈ (ዘመኑ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ያን ጊዜ ዕድሜው ከአርባ አልፏል፤ ስሙ ግን ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች ግራና ቀኝ ባሉ ከተሞች ሁሉ የታወቀ ነበር። ያሸነፉት ደግሞ ወርቅ ቆፋሪዎች ናቸው። ሰዎቹ ከሥራ በተረፋቸው ጊዜ ከአንድ ተራራ አናት ወደ ታች እንደ ጥይት እየተወረወሩ ገንዘብ የሚቋመሩ ነበሩ። ይሁንና ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የአሜሪካ የበረዶ ሸርተቴ ታሪክ ሲወራ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው የዚያን ቀን አሸናፊ አይደለም፤ ተሸናፊው ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ነገሩ ከኖርዌይ ይጀምራል። ሰውዬው ኤፕሪል 30 ቀን 1827 ቴሌማርክ በሚባለው አውራጃ፣ ቲን በተባለ ተራራማ ስፍራ ሲወለድ የወጣለት ስም ዮን ቶርስታይንሰን ሩ ነበር። በዚያ አገር ስኪ ያኔ ስፖርት አይደለም። ወደ ጎረቤት የሚኬድበት፣ ታድኖ የሚገባበት፣ በአጭሩ የእግር ምትክ ነው። ልጅም ከመሮጥ እኩል ይማረዋል። ዮን አሥር ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ በ1837 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ኢሊኖይ፣ ሚዙሪ፣ አዮዋ፣ ዊስኮንሲን እያሉ ተዘዋወሩ። ስሙም በዚያው ጆን ቶምፕሰን ሆነ። በ1851 የወርቅ ወሬ እንደ ብዙው ጎረምሳ እሱንም ወደ ካሊፎርኒያ ጎተተው፤ ፕሌሰርቪል አካባቢ ቆፈረ፣ ቆፈረ፣ ያገኘው ግን የሚያወላዳ አልነበረም። በመጨረሻ በሳክራሜንቶ ሸለቆ መሬት ገዝቶ ገበሬ ሆነ።

በ1855 ታዲያ ጋዜጣ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየ። በክረምት ወራት ፖስታ ከካሊፎርኒያ ወደ ምሥራቅ፣ ተራራውን አሻግሮ የሚያደርስ ሰው ይፈለጋል የሚል ነው።

ሥራው ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ተራራውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከፕሌሰርቪል ተነስቶ ጀኖዋ እስከምትባለው የካርሰን ሸለቆ ሰፈር ድረስ 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሀል ላይ ያለው መተላለፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 200 ሜትር ይበልጣል። ይህ አዲስ አበባ ከተቀመጠችበት ከፍታ ብዙም የሚለይ አይደለም፤ ግን ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ ደመና እዚያ ጋ ሲደርስ በረዶ ሆኖ ይራገፋል። እነሱ ክረምት የሚሉት የእኛን በጋ መሆኑን ልብ ይሏል። ከኅዳር ጀምሮ የጋሪ መንገዱ ይዘጋል፤ በረዶው በቁመት ከቤት ጣራ ያልፋል። በ1846 መገባደጃ ዶነር በሚባል ሰው ስም የሚጠራው የስደተኞች ጓድ እዚያው ተራራ ላይ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ገባ ብሎ፣ በጊዜ ሳያልፍ በረዶ ቀደመው። ከ80 በላይ ሰዎች ነበሩ። በሕይወት የወጡት ከግማሽ ትንሽ ቢበልጡ ነው፤ ከተረፉትም የሞቱትን በልተው የቆዩ ነበሩ። ፖስታ ይደርሳል የተባለው እንግዲህ በዚህ ተራራ ላይ ነው።

በአካባቢው የሚታወቀው የበረዶ ጫማ እንደ ሰፌድ የተጠለፈ፣ ከእግር ሥር የሚታሰር ነገር ነበር። አያሰምጥም፤ ነገር ግን አያንሸራትትም፤ እያንዳንዱ እርምጃ መራመድ ነው። ቶምፕሰን የልጅነቱን አገር አስታወሰ። ኦክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት ሁለት ጣውላ ጠርቦ፣ አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቆልምሞ ስኪ ሠራ። ርዝመታቸው ሦስት ሜትር፣ ክብደታቸው 11 ኪሎ ያህል ነበር። ዛሬ ስፖርተኞች የሚያደርጉት ስኪ ከላባ አይከብድም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ያኔ ግን ያለው ያ ነው። በእጁ የሚይዘው ሁለት ዘንግ ሳይሆን አንድ ረጅም ዘንግ ብቻ ነበር። እንደ ዛሬዎቹ በሁለቱም እጅ እየወጋ አይሄድም፤ በገመድ ላይ እንደሚራመድ ሰው አግድም ይዞ ሚዛን ይጠብቅበታል።

በጃንዋሪ 1856 መጀመሪያ ላይ ከፕሌሰርቪል ተነሳ። ካዩት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል ብሎ የገመተ ብዙ አልነበረም። ሰውዬው ግን በሦስት ቀን ጀኖዋ ደረሰ፤ መልሱን በሁለት ቀን ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ክረምት የዚሁ ጉዞ ድግግሞሽ ነው።

በጀርባው የሚጭነው ፖስታና ዕቃ ከ27 እስከ 45 ኪሎ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ለራሱ የሚይዘው ስንቅ ግን ያስገርማል፦ ቋንጣ፣ ደረቅ ብስኩት፣ ክብሪት። ውኃው በረዶ ነው። ብርድ ልብስ አይይዝም፤ መሣሪያም አይይዝም፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው ባይ ነው። ሲመሽበት የደረቀ የዛፍ ጉቶ ፈልጎ ያነድና የጥድ ቅርንጫፍ አንጥፎ እግሩን ወደ እሳቱ ዘርግቶ ይተኛል። ፀሐይ በበረዶው ላይ አንጸባርቃ ዓይን እንዳታጠፋ ፊቱን ከሰል ይቀባል። ውሽንፍር ሲይዘውና እሳት ማንደድ ሲያቅተው ደግሞ ነፋስ በረዶውን የጠረገለት ጠፍጣፋ ቋጥኝ ላይ ይወጣና የኖርዌይ ጭፈራ ይጨፍራል፤ ሌሊቱን ሙሉም ቢሆን። መቼስ በሕይወት ለማደር ከመጨፈር የበለጠ ምክንያት አይገኝም።

አቅጣጫ የሚያውቀው በከዋክብት፣ በወንዞች ፍሰት፣ በዛፎቹና በበረዶው መልክ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ በረዶን ማንበቡ ይበልጣል። በዛሬው ዘመን ከተዘጋጀ ሜዳ ውጪ፣ ሰው ባልረገጠው ተራራ ላይ በስኪ የሚጓዙ ሰዎች አሰልጣኝ ቀጥረው የሚማሩት ይህንኑ ነው። በተለይ የሚፈራው የወቅቱ መጀመሪያ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ በረዶ። ገና ስስ ስለሆነ ድንጋዩንና ጉቶውን ይሸፍናል እንጂ አይቀብረውም፤ በፍጥነት የሚወርድ ሰው እግሩን የሚሰብረው ያኔ ነው። ወንዞቹም ገና አልተደፈኑም፤ ድልድይ የመሰለው በረዶ ሥሩ ባዶ ነው። ከዚህ የባሰው የማይታየው ነው። ስስ በረዶ በቀዝቃዛ ሌሊቶች ውስጡ እንደ ስኳር ይበታተናል። ከዚያ በላዩ አዲስ ከባድ በረዶ ሲከመርበት የታችኛው አይሸከመውም፤ የሰው እግር ሲነካው ተራራው በሙሉ ይናዳል። የዛሬዎቹ በጀርባቸው አካፋ፣ በደረታቸው ምልክት የሚልክ ራዲዮ ይዘው ይሄዳሉ፤ ለብቻም አይሄዱም። ቶምፕሰን ብቻውን ነበር። ከናዳ በታች ቢቀር ማንም የት እንደቀረ አያውቅም።

በዲሴምበር 1856 የሆነው ነገር ዝናውን ከፖስተኛነት አሻገረው። የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በመንገዱ ላይ ባለች አንዲት ጎጆ ውስጥ ጄምስ ሲሰን የተባለ ሰው አገኘ። ሁለት እግሮቹ በብርድ ደርቀው፣ መንቀሳቀስ አቅቶት፣ ጥሬ ዱቄት እየበላ 12 ቀን ተኝቷል። ቶምፕሰን እንጨት ፈልጦ እሳት አነደደለትና ወደ ጀኖዋ ገሰገሰ። እዚያም ሰዎች አሰባሰበ። ስኪ ስላልነበራቸው ስኪ ሠራላቸው፤ መሄዱንም በመንገድ ላይ አስተማራቸው። ሲሰንን በበረዶ ላይ በሚጎተት ሸርተቴ ጭነው ይዘውት ወረዱ። ሐኪሙ እግሮቹ መቆረጥ እንዳለባቸው ተናገረ፤ ማደንዘዣ የሚሆን ክሎሮፎርም ግን በሰፈሩ የለም። ታዲያ ማን ይሂድ? ቶምፕሰን ተመልሶ ተራራውን ተሻገረ፤ እስከ ሳክራሜንቶ ዘልቆ መድኃኒቱን አምጥቶ አስረከበ። ሲሰን እግሮቹን አጣ፤ ነፍሱ ግን ተረፈች።

ከደብዳቤ ሌላ ያልተሸከመው ነገር የለም ማለት ይቀላል። መድኃኒት፣ ልብስ፣ መጻሕፍት፣ የወጥ ቤት ዕቃ ሁሉ አድርሷል። በ1858 ጀኖዋ ውስጥ ቴሪቶሪያል ኢንተርፕራይዝ የተባለው ጋዜጣ ሲቋቋም የማተሚያውን ፊደላት በጀርባው ያሻገረ እሱ ነው ይባላል። እርሳስ የተሸከመ ሰው ሸክሙን ያውቀዋል።

ወደ ላ ፖርት ሽንፈት እንመለስ። የቆፋሪዎቹ ውድድር ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነበር። ረጃጅም ስኪዎቻቸውን በሚስጥር በተቀመመ ሰም ይቀባሉ፤ አጎንብሰው ይለቁታል፤ መታጠፍ የለም፤ ሁሉም ነገር በሰኮንዶች ውስጥ ያልቃል። ቶምፕሰን ያንን ዓይነት ሰም አያውቅም፤ ቀጥ ብሎ መውረድም የኑሮው ሥራ አልነበረም። ከተሸነፈ በኋላ ገንዘብ አስይዞ በጋዜጣ ፈተና አወጣ፦ ሰም ሳይቀባ፣ ባልተጠረገ ተራራ ላይ፣ በዛፍና በገደል መሀል የሚወዳደረኝ ይምጣ የሚል ይዘት ያለው። ፈተናውን የተቀበለ አልተገኘም። እንዲህ ያለው ክርክር ለኢትዮጵያዊ የስፖርት አፍቃሪ እንግዳ አይደለም፤ በመቶ ሜትር የተበለጠ ሯጭ በማራቶን ና ቢል ማን ይስቅበታል? ሮቤል ተክለማርያምም በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው በቁልቁለት ሳይሆን በአገር አቋራጩ የስኪ ውድድር ነበር፤ ለቶምፕሰን ሥራ የሚቀርበው እሱ ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል የገንዘቡ ነገር አለ። ፖስታው የመንግሥት ነው፤ ሥራው ግን በተቋራጭ እጅ ሲዘዋወር ቶምፕሰን ብዙ ክረምት ይከፈልሃል በሚል ተስፋ ብቻ ሠርቷል። ሥራውን እምቢ ማለት ይችል ነበር። አላለም፤ ከወዲያ ማዶ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሕዝብ አለ። በኋላ ላይ ግን የልፋቱን ዋጋ መጠየቅ ጀመረ። በ1869 የኔቫዳ ምክር ቤት የአሜሪካ ኮንግረስ 6 ሺህ ዶላር እንዲከፍለው ደግፎ ጻፈ። ለልፋቱ ሲሰላ ይህ ራሱ ብዙ አይደለም።

መልስ ሲጠፋ ቶምፕሰን ራሱ ወደ ዋሽንግተን ተነሳ። ጊዜው 1870ዎቹ ነው፤ አህጉሩን የሚያቋርጠው የባቡር ሐዲድ ተጠናቋል፤ በስኪ ማቋረጥ ያለፈበት ዘመን ነው። ባቡሩ ግን ዋዮሚንግ ላይ፣ ላራሚ አካባቢ፣ በበረዶ ተይዞ ቆመ። ተሳፋሪው ጋዜጣ እያነበበ ይጠብቃል። ቶምፕሰን ወረደና በእግሩ እስከ ሻያን ድረስ ሄዶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሌላ ባቡር ያዘ። ጋዜጦች ባቡርን የቀደመ ሰው ብለው ጉድ አሉ። ዋሽንግተን ደርሶ ግን ተስፋ ብቻ ሰንቆ ተመለሰ። ገንዘቡ አልተከፈለውም፤ እስከ ሞቱም አልተከፈለውም።

የቤቱ ኑሮ ከተራራው ሲታይ ጸጥ ያለ ነበር። በ1866 አግነስ ሲንግልተንን አገባ፤ በተከታዩ ዓመት አርተር የተባለ ወንድ ልጅ ወለዱ። ዳይመንድ ቫሊ በሚባል ሸለቆ እያረሰ፣ ከብት እያረባ፣ ክረምት ሲመጣ ስኪውን እያወረደ ኖረ። ከ1868 እስከ 1872 የአልፓይን አውራጃ የአስተዳደር ቦርድ አባል ሆኖም አገልግሏል።

በ1876 የጸደይ ወራት ታመመ። የዘር ጊዜ ነበር። ቆሞ መዝራት ሲያቅተው ፈረስ ላይ ተቀምጦ ዘራ። ሜይ 15 ቀን አረፈ፤ 49 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ጀኖዋ፣ የፖስታ ከረጢቱን ያራግፍባት በነበረችው ከተማ ነው። አርተር በ1878 በአሥራ አንድ ዓመቱ ሞቶ ከአባቱ ጎን አረፈ። አግነስ ያሠራችው የመቃብር ድንጋይ ላይ የተጠላለፉ ሁለት ስኪዎች ተቀርጸዋል። ጠራቢው ስሙን ሲጽፍ አንዲት ፊደል ስለረሳ፣ ቶምፕሰን የተባለው ሰው ድንጋዩ ላይ ቶምሰን ነው።