ዳኛውን ማን ይሹመው? የዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት

ከእኛ ከአብርሃ ጅራ ወደ ደቡብ፣ መተማን አልፎ፣ ቋራ ይገኛል። ካሳ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው፣ በ1811 ዓ.ም. ገደማ የተወለደው እዚያ ነው። ጀግንነቱን ያልሰማ እጩ መምህር በመካከላችን የለም። ዛሬ የምናነሣው ብዙም የማይወራለትን የዳኝነቱን ነገር ነው።

በዘመነ መሳፍንት የሚገዛውም የሚፈርደውም ያው አንዱ ሰው ነበር። ትንሽ ጠብ ሲነሣ ተጣዪዎቹ አላፊ አግዳሚውን ይዘው ዳኘን ይሉታል፤ ራሳቸው የመረጡት ነውና ይስማሙበታል። ነገሩ ከበድ ሲል ወደ ገዥው ይኬዳል። ገዥው የየጁዎቹ ወይም የደጃች ውቤ ወይም የሌላ ወገን ነው፤ ወንበሩንም ያገኘው በዚሁ ወገኑ ጉልበት ነው። ከተረታውም ገንዘብ ይቀበላል። ካሳ ይህን ቀምሶታል። የቤተሰቡ ግዛት ቋራ ለራስ ዓሊ እናት ለእቴጌ መነን ሲሰጥ ለማን ይክሰስ? ወደ ቆላው ወርዶ ሸፈተ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጦርነት የታወቀ ነው። በ1845 ራስ ዓሊን አይሻል ላይ፣ በ1847 ደጃች ውቤን ደራስጌ ላይ ድል ነሥቶ እዚያው ነገሠ።

ከነገሠ በኋላ ገዥውም ዳኛውም በንጉሡ እየተሾመ ደመወዝ እንዲቆረጥለት አሰበ። ደመወዝ ያለው ዳኛ የባለጉዳይን ኪስ አያይም፤ ከላይ የተሾመም የአገሩን ባላባት አይፈራም። ታዲያ ደመወዙ ከየት ይምጣ? ቴዎድሮስ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ቢነካ ካህናቱ ተነሡበት፤ ባላባቶቹም በየአገሩ ሸፈቱ። ዕቅዱ ከሸፈ።

እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ገንዘቡ ቢገኝስ ኖሮ? ዳኛው ከመሳፍንቱ እጅ ወጥቶ የሚገባው በንጉሡ እጅ ነው። ንጉሡ ራሱ ከሳሽ ሲሆን ማን ይፍረድ? የ1987 ሕገ መንግሥት ለፌዴራል ዳኞች መልስ አስቀምጧል፤ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ዕጩ ያቀርባል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤት ያስተላልፋል፣ ምክር ቤቱ ይሾማል። ምክር ቤቱን አንድ ፓርቲ ከሞላውስ? (የሥነ ዜጋ መምህሮቻችን ይፍረዱን።)

ቴዎድሮስ እንደ ልቡ ወደ ማሰር ሄደ። ጳጳሱን አቡነ ሰላማን ሳይቀር መቅደላ አሰረ፤ እሳቸውም እዚያው በእስር አረፉ። እንግሊዞች ሲቃረቡ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1860፣ ከእስረኞቹ ብዙዎቹን አስገደለ፤ ወደ ገደል ተወረወሩ። በዚያን ቀን ችሎት አልተቀመጠም። ከአራት ቀን በኋላ ራሱን በሽጉጥ ገደለ።