የተራራውን እርከን የለካው ሊቅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት

ከቆላ ተነሥቶ ወደ ደጋ የወጣ መንገደኛ ሁሉ ግራሩ ቀርቶ ወይራው፥ ወይራውም ቀርቶ ጅብራው እንደሚተካ በዓይኑ አይቷል። አባቶቻችንም አገሩን ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋ፥ ውርጭ ብለው ከፍለውታል። ይህን የመሰለውን ነገር በመሣሪያ ለክቶ በሥዕል ለዓለም ያሳየው ግን ጀርመናዊው ሊቅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ነው።

ሁምቦልት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1769 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሞተበት በልጅነቱ ነው። እናቱ የመንግሥት ሹም እንዲሆንላት ስለ ፈለገች የማዕድን ተቈጣጣሪ ሆኖ ሠራ፤ ልቡ ግን በሩቅ አገር ነበረ። በ1796 እናቱ ስትሞት ብዙ ሀብት ወረሰ። ሌላው ቢሆን ቤት ይሠራበት ነበር፤ እርሱ ግን ሹመቱን ትቶ በ1799 ኤሜ ቦንፕላን ከተባለ ፈረንሳዊ የዕፀዋት ዐዋቂ ጋር ከእስፓኝ ወደብ ተነሥቶ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻገረ።

በ1800 በቬኔዙዌላ የቫሌንሲያ ሐይቅ ውሃ እየጐደለ መሄዱን አየ። የአገሩ ሰዎች ውሃው ከምድር በታች ሾልኮ የሚሄድ መስሏቸው ነበር። እርሱ ግን በዙሪያው ያለው ደን ስለ ተመነጠረና ወንዞቹም ለመስኖ ስለ ተጠለፉ ነው ብሎ አስረዳ።

በሰኔ ወር 1802 በኤኳዶር ወዳለው ቺምቦራዞ ወጣ። ቁመቱ 6,263 ሜትር የሆነው ይህ ተራራ በዚያ ዘመን ከዓለም ተራሮች ሁሉ የሚበልጥ ይመስላቸው ነበር። አየሩ ስለ ሳሳ ድዳቸው ደማ፤ ከጫፉም ሳይደርሱ ገደል መንገዱን ዘጋባቸውና ተመለሱ።

ብዙዎች የሚያወሩት ይህንኑ አቀበት ነው፤ ለእኔ ግን የሚበልጠው በ1807 ያሳተመው ሥዕል ነው። ከግርጌው ዘንባባና ሙዝ፥ ከፍ ሲል ኪኒን የሚገኝበት ዛፍ፥ ከዚያም በላይ ሣር፥ በመጨረሻም በድንጋይ ላይ የሚበቅለው ሽበት፥ ከዚያ ወዲያ በረዶ ብቻ፤ ሁሉም በየከፍታው ተጽፏል። በዳርና ዳሩም የአየሩ ሙቀትና በየእርከኑ የሚኖሩት እንስሳት ተመዝግበዋል። በ2012 ሌሎች ተመራማሪዎች ወደዚያው ተራራ ወጥተው፥ ዕፀዋቱ እርሱ ካያቸው ስፍራ ወደ ላይ ከፍ ማለታቸውን ያወቁት ከዚህ ጽሑፍ ጋር በማስተያየት ነው። ምክንያቱም የአየሩ መሞቅ ነው።

በ1804 ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ የወረሰውን ገንዘብ መጻሕፍቱን ለማሳተም ጨረሰው። ኮስሞስ የተባለውን ትልቅ መጽሐፉን ሳይፈጽም በ1859 በ89 ዓመቱ በበርሊን ዐረፈ።